በስድስት እግር መቆም፦ የተራማጅ ሮቦት ክብደት የት ያርፋል?



ተራማጅ ሮቦት ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ አረማመዱ ፕሮግራም ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ ይኸውም ሮቦቱ እግሮቹን ሲያነሣ በቀሩት ላይ ሊቆም ይችላልን? የሚለው ነው።

በምሳሌነት የምወስደው በስሪዲ ፕሪንተር ከታተሙ ክፍሎች የሚገጣጠመውን ባለስድስት እግር ሮቦት ነው። እያንዳንዱ እግር ሦስት መገጣጠሚያዎች አሉት። አንዱ እግሩን ከዳሌው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞራል፤ ሁለተኛው ጭኑን ያነሣል፤ ሦስተኛው ቅልጥሙን ያጥፋል። በጠቅላላው 18 ሰርቮ ሞተሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። በተማሪዎች ዘንድ የተለመደው ኤምጂ 996 አር 55 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ሞተሮቹ ብቻ 990 ግራም ይሆናሉ። የታተሙት ክፍሎች፣ ባትሪውና የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ሲጨመሩ ጠቅላላው ክብደት 2 ኪሎ ግራም ቢደርስ አያስደንቅም።

የሮቦቱ አረማመድ የተቀዳው ከነፍሳት ነው። ብዙዎቹ ነፍሳት ሲፈጥኑ የአንዱን ጎን የፊትና የኋላ እግር ከሌላው ጎን የመካከል እግር ጋር በአንድነት ያነሣሉ፤ የቀሩት ሦስቱ መሬት ይረግጣሉ። የክብደቱ ማዕከል ሦስቱ እግሮች ከሚሠሩት ሦስት ማዕዘን እስካልወጣ ድረስ ሮቦቱ አይወድቅም። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጸናውም በዚሁ ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ጉልቻዎቹ በእኩል ርቀት ሲቀመጡ የድስቱን ክብደት ሲሦ ሲሦውን ይካፈላሉ። በሮቦቱ ግን በአንድ ጎን ሁለት እግሮች፣ በሌላው ጎን አንድ ብቻ ነው የሚቆመው። ግራና ቀኙ ሚዛን እንዲጠብቅ ብቻውን የቀረው የመካከል እግር የክብደቱን ግማሽ፣ ማለትም 1 ኪሎ ግራም ይሸከማል። 2 ኪሎውን ለሦስት አካፍሎ ሞተር የመረጠ ተማሪ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ሸክሙ በጭኑ ሞተር ላይ የሚያሳድረው የማዞር ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ የሚገኘው ሸክሙን ከመገጣጠሚያው እስከ መርገጫው ባለው አግድም ርቀት በማባዛት ነው። ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 10 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የጠቀስሁት ሞተር በ6 ቮልት የሚሰጠው ከፍተኛ ቶርክ 11 ያህል ነው፤ ይህም ሞተሩ ተገትቶ መዞር የሚሳነው የመጨረሻ ወሰን እንጂ የዘወትር የሥራ አቅሙ አይደለም። ርቀቱን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ስናሳጥረው ቶርኩ በግማሽ ይቀንሳል፤ በአጸፋው እርምጃው ያጥራል፣ የቆመበትም መሠረት ይጠባል። ሌላው መንገድ እግሮቹን አንድ በአንድ ማንሣትና ዘወትር በአምስት መቆም ነው፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሸክሙ ግን ይከፋፈላል።

ይኸው ስሌት ወደ ኤሌክትሪኩም ይዘልቃል። አንዱ ሞተር ሲገተት 2.5 አምፔር ያህል ይስባል፤ 18ቱም በአንድ ጊዜ ቢገተቱ 45 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ሞተሮቹን ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ መመገብ አይቻልም፤ ቮልቴጁ ወርዶ ሰሌዳው ጠፍቶ እንደገና ይነሣል፣ ሮቦቱም ይዝለፈለፋል። ሞተሮቹ የራሳቸው የኃይል ምንጭ ሊኖራቸው፣ የሁለቱ ምንጮች ኔጌቲቭ መስመር ግን ሊገናኝ ይገባል። በተጨማሪም ሮቦቱ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ ሞተሮቹ ሸክሙን ለመያዝ ኃይል ይበላሉ፣ ይግላሉም። ፒኤልኤ የተባለው የማተሚያ ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር የሞተሩ ማቀፊያ ሊጣመም ይችላል። የታተመ ክፍል ደካማ የሚሆነው በንብርብሮቹ መጋጠሚያ ላይ ስለሆነም ጭኑ ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ ቢታተም ይሻላል።

ስለዚህ 18 ሞተሮች ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እግር ብቻ ሥሩ፤ በታሰበውም ርቀት ላይ 1 ኪሎ ግራም አስሸክሙት። ሳይንቀጠቀጥና ከመጠን በላይ ሳይግል ለጥቂት ደቂቃዎች ከያዘ፣ አምስቱን ቀጥሉ። ካልያዘ የከሰራችሁት አንድ እግር ብቻ ነው።