የፓርኪንሰን ኪኒን «አልሠራም» ሲባል መጀመሪያ ቁርሱን እንይ



ዛሬ ስለ ፓርኪንሰንና ስለ ምግብ ላወራችሁ ነው። ቤታችሁ ውስጥ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ያጠረ፣ ከወንበር ለመነሣት የሚቸገሩ እናት ወይም አባት ካሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በቅርቡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ እኔ መጡ። ልጅቷ «ዶክተር፣ አባባ ከሰዓት በኋላ ደህና ነው። ጠዋት ግን ኪኒኑ ጭራሽ አይሠራለትም፤ እስከ 5 ሰዓት ድረስ እንደተቀመጠ ነው። ለምን መጠኑ አይጨመርለትም?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልጨምር እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። ግን እስኪ ብዬ «በምንድን ነው የሚውጡት?» አልኳት። «በወተት ነዋ! ሆዱን እንዳይጎዳው ከእንቁላል ጋር ነው የምሰጠው» አለች። የቀኑን ኪኒን ግን ከምሳ በፊት በውሃ ነበር የሚውጡት። በቃ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ምን መሰላችሁ፣ በፓርኪንሰን ጊዜ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ሌቮዶፓ የሚባለው ዋናው መድኃኒት አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል። ከአንጀት ወደ ደም የሚሻገርበት በር ግን የግሉ አይደለም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም ሽሮ ስንበላ ፕሮቲኑ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ እሱም የሚያልፈው በዚያው በር ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ያለውን የታክሲ ግፊያ አስቡት። ኪኒኑ ከወተትና ከእንቁላል ጋር ከገባ ተገፍቶ ይቀራል፣ ወይም ዘግይቶ ይሳፈራል። ከደም ወደ አንጎል ሲገባም ተመሳሳይ ግፊያ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ሌቮዶፓን ከምግብ በፊት ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ወይም ከተመገቡ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መውሰድ ይመረጣል። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት ኪኒን፣ 2 ሰዓት ቁርስ። ባዶ ሆድ ላይ የሚያቅለሸልሻቸው አሉ፤ ለእነሱ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሙዝ አብሮ መስጠት ይቻላል፣ ወተት ግን አይሁን። የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) የሚወስዱ ከሆነም ቢያንስ በ2 ሰዓት አራርቁት፣ እሱም መድኃኒቱን ይይዘዋል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ፕሮቲን ይቅርባቸው» ትላላችሁ። አይሆንም! ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ይከሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። በቀን በክብደታቸው ልክ ለአንድ ኪሎ ከ0.8 እስከ 1 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። መፍትሔው ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማዛወር ነው። ቀን ላይ መንቀሳቀስ ስለሚፈልጉ ቁርሱ ቂንጬ፣ ገንፎ ወይም ሥጋ የሌለበት ፍርፍር ይሁን፤ ሥጋውና ምስሩ ወደ ራት ይሂድ። ደግሞ የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ፕሮቲን የለውም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ሽሮ፣ ምስርና አተር በፕሮቲን የበለጸጉ ናቸው። ይህን ሁሉ ማድረግ የሚያስፈልገው ከምግብ በኋላ መድኃኒቱ እንደሚደክም ለሚታይባቸው ነው፤ ገና የጀመሩ ብዙዎች ልዩነቱ አይሰማቸውም።

ስለ ጾም ካነሣን አይቀር፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብለው፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ፣ ኪኒኑን በራሳቸው የሚያቋርጡ አሉ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ሰውነትን ድርቅ አድርጎ ከፍተኛ ትኩሳት ሊያስከትልና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁን ወይም ኡስታዛችሁንም አማክሩ።

ከዚህ ሌላ «ባቄላ ፓርኪንሰንን ያድናል» የሚል ቪዲዮ በየጊዜው ትልኩልኛላችሁ። ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። በ1913 እ.ኤ.አ. ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ሌቮዶፓን ለይቶ ያወጣው ከባቄላ ነው፤ በተለይ እሸቱና ጉንቁሉ ውስጥ ይገኛል። ግን መጠኑ ከዘር ዘር፣ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ እንደ ኪኒን መቁጠር አይቻልም። በመድኃኒቱ ላይ ብዙ እሸት ባቄላ መጨመር ከቁጥጥር ውጭ ሊያወራጭ ወይም የደም ግፊት ሊያወርድ ይችላል። በዘር በሚተላለፍ ጉድለት ምክንያት ባቄላ ቀይ የደም ሴላቸውን የሚሰብርባቸው ሰዎችም አሉ። እንደ ወትሮው በልኩ ይብሉ፤ ኪኒኑን ግን በባቄላ አትተኩት።

የሆድ ድርቀትን ብዙ ታካሚዎቼ አፍረው አይነግሩኝም። በሽታው አንጀትንም ጨጓራንም ያዘገያል፤ ጨጓራ ሲዘገይ ኪኒኑም እዚያው ተኝቶ ይውላል። ጎመን፣ ፓፓያ፣ በውሃ የራሰ ተልባ፣ የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ። ውሃ ካልተጠጣ ግን አሰር ብቻውን ያባብሰዋል። አዛውንቶች ሌሊት ለሽንት ላለመነሣት ብለው ውሃ ይቀንሳሉ፤ እንግዲያው አብዛኛውን ጠዋትና ቀን ላይ አጠጧቸው።

ውሃ ሲጠጡ ቶሎ ቶሎ ትን የሚላቸው ከሆነ ወይም ከበሉ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ ቸል አትበሉ። ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ይህ ደግሞ በዚህ በሽታ ሰው ከሚሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ኪኒኑ በሠራበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ተዘግቶ ይብሉ። ኮሎና ደረቅ ድርቆሽ ይቅር፤ ወፈር ያለ አጥሚትና ሾርባ ከቀጭን ውሃ ይሻላቸዋል። ጉርሻም፣ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ትንሽ ይሁን፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል።

እኚያ አባት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም፣ በሽታውም አልቆመም። ኪኒኑን ግን አልጨመርኩም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ራሳቸው በሩን ከፍተው ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጡ ልጅቷ ነገረችኝ። እናንተም ለቀጠሮ ስትመጡ ኪኒኑ የተዋጠበትን፣ ምግቡ የተበላበትንና ሰውነታቸው የተፈታበትን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። መጠኑን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ።