ቻርልስ ሐርነስ፥ ጠበቃና ደራሲ

ሳይንስን የተማረ ሰው ከድርሰት፥ ድርሰትን የወደደ ሰው ከሳይንስ መራቅ አለበት የሚሉ አሉ። የአሜሪካዊው የቻርልስ ሐርነስ ሕይወት ግን ይህን አስተሳሰብ እንድንመረምረው ያስገድደናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሐርነስ በ1915 በቴክሳስ ተወለደ። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪንና ሕግን ተምሮ፥ ከ1947 እስከ 1981 ድረስ የፓተንት፥ ማለትም የፈጠራ መብት፥ ጠበቃ ሆኖ ሠራ። የዚህ ጠበቃ ተግባር አንድ ፈጠራ ከዚህ በፊት ያልታወቀ መሆኑን ማስረዳት ነው። ደግሞም የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ ፈጠራውን አብራርቶ መጻፍ አለበት።

የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ ታሪኩ በ1948 ታተመ። «ጽጌረዳ» የተባለው ድርሰቱ የኪነ ጥበብንና የሳይንስን ትግል ያሳያል፤ በአገሩ ግን ተቀባይ ስላጣ በ1953 በመጀመሪያ የወጣው በእንግሊዝ አገር መጽሔት ነው። ከዚያ በኋላ ሐርነስ ለብዙ ዓመታት ብዕሩን አስቀመጠ። በ1966 ሲመለስ የጻፈው ስለ ኬሚስቶችና ስለ ፓተንት ጠበቆች ነበር፤ የቢሮው ሥራ ለድርሰቱ ምንጭ ሆነለት። በ2005 ዐረፈ።

እንግዲህ ሁለት ሙያ አጣምሮ መያዝ ቀላል እንዳልሆነ የዝምታው ዘመን ይመሰክራል። ሆኖም ጠበቃውም ደራሲውም ገና ያልታየውን ነገር ለአንባቢ ግልጽ ማድረግ አለባቸው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ለመተው ከመቸኰላችን በፊት፥ አንዱ ለሌላው ምን ሊያበረክት እንደሚችል ብናስብበት መልካም ነው እንላለን።