የአያት ሳህን ዕድሜው ስንት ነው? ስለ ተጭኖ የተሠራ ብርጭቆ ተረትና እውነታ

እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የአሜሪካ ብርጭቆ ሠሪዎች ቀልጦ የወጣ ብርጭቆ በብረት ፎርማ ውስጥ እየጨመሩ በማሽን መጫን ጀመሩ። ከዚያ በፊት ባለ ጌጥ ሳህን በእጅ እየተቀረጸ ስለሚሠራ ዋጋው አይቀመስም ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ያጌጠውን ዕቃ በተራው ሰው ቤት አስገባው። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ ቤተሰቦች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ሳህን ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለ ዕድሜው የሚነገሩት ምልክቶች ግን አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው።

ተረት፦ ጠርዙን ሲመቱት የሚጮህ አሮጌ ነው።
እውነታ፦ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው እርሳስ ያለበት ብርጭቆ ነው፤ ቅርጹና ውፍረቱም ድምፁን ይለውጡታል። በ1864 በዊሊንግ ከተማ በሆብስ ብሮክኒየር ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ሌይተን ሲኒየር ከሶዳና ከኖራ ርካሽና ጥሩ ብርጭቆ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች እርሳሱን ተዉት። ስለዚህ የ1880ዎቹ ሳህን ድምፁ የታፈነ ቢሆን አይግረማችሁ።

ተረት፦ የመጋጠሚያ መስመር ያለው አዲስ፣ አረፋ ያለው ጥንታዊ ነው።
እውነታ፦ መስመሩ የፎርማው ክፍሎች የተጋጠሙበት ቦታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ላይም አለ፤ ዕቃው በእሳት ሲለሰልስ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። አረፋም ዛሬ በእጅ በሚሠራ ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል።

ተረት፦ ወደ ሐምራዊ የተለወጠ ብርጭቆ አይዋሽም።
እውነታ፦ በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት የሚያመጣውን አረንጓዴነት ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨመር ነበር፤ እሱም ለዓመታት ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ይሆናል። ዛሬ ግን ያንኑ ለውጥ በሰው ሠራሽ ጨረር በአጭር ጊዜ ማምጣት ይቻላል። በጣም የደመቀ ሐምራዊ ስታዩ ጠርጥሩ።

ተረት፦ ከሥሩ ያለው ምልክት የተሠራበትን ዓመት ይናገራል።
እውነታ፦ በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የሚታየው የአልማዝ ቅርጽ ያለው ምልክት ከ1842 እስከ 1883 አገልግሏል፤ ከ1884 ጀምሮ የምዝገባ ቁጥር ተተካ። ሁለቱም የሚጠቁሙት ንድፉ የተመዘገበበትን ጊዜ ነው፤ ሳህኑ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊመረት ይችላል። የድሮው የአሜሪካ ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ጭራሽ ምልክት የለውም።

ተረት፦ ንድፉ በመጽሐፍ ካለው ሥዕል ጋር ከገጠመ ነገሩ አለቀ።
እውነታ፦ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ፎርማ ከፋብሪካው የበለጠ ይኖራል፤ ይሸጣልም። በኦሃዮ የነበረው ሃይሲ በ1957 ከተዘጋ በኋላ ፎርማዎቹን ኢምፔሪያል የተባለው ድርጅት ገዝቶ በአንዳንዶቹ እንደገና ሠርቶባቸዋል። አዲስ ፎርማ አስቀርጸው ቅጂ የሚያወጡም አሉ። ስለዚህ መጠኑን፣ ክብደቱንና ቀለሙን ከመጀመሪያው ዕቃ ጋር አስተያዩ፤ ጌጡ የጠራ ይሁን የደበዘዘ ተመልከቱ። የሥሩን ጭረትም በአጉሊ መነጽር እዩት። በአገልግሎት ብዛት የመጣ ጭረት ጥልቀቱም አቅጣጫውም የተለያየ ነው፤ ሆን ተብሎ የተፋቀው ግን በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋል።

ተረት፦ «የቅድመ አያታችን የሠርግ ክሪስታል ነው» ከተባለ ነው።
እውነታ፦ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ በማሽን የተሠሩ ርካሽ ባለ ቀለም ሳህኖች ከአጃ ካርቶን ውስጥ በነጻ ይወጡ፣ በሲኒማ ቤትም ለተመልካች ይታደሉ ነበር። ቅድመ አያት ሳህኑን ቢወዱትም ክሪስታል አያደርገውም።

ሥራውን ከድምፅና ከቀለም አትጀምሩ። መጀመሪያ የንድፉን ስም ፈልጉ፤ ቀጥሎ ያ ንድፍ በየትኞቹ ፋብሪካዎች፣ በምን መጠንና ቀለም እንደወጣ ከድሮ ካታሎግ አጣሩ። በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው የኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ይረዳል። የቤተሰቡን ወሬ ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጻፉት፤ ሳህኑ በማን እጅ እንዳለፈ የትኛውም ካታሎግ አይነግራችሁም።