ስለ ቆላ ማቀዝቀዣ ቤት

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ የሚለቀመው ቲማቲምና ማንጎ ሙቀትን የሚታገሥ ፍሬ አይደለም። ስለዚህ ገዢ በዘገየ ጊዜ ባለእርሻው በተሰጠው ዋጋ ከመሸጥ ወይም ሲበሰብስ ከማየት በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ማቀዝቀዣ ቤት ማስፈለጉ የታወቀ ነው፤ የሚያከራክረው በምን ጋዝ ይሠራ የሚለው ነው።

ሲሠራባቸው የኖሩት ጋዞች የምድርን ሙቀት የሚያበዙ ስለሆኑ፥ መንግሥታት በ2009 ዓ.ም. በኪጋሊ ተሰብስበው ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ተስማምተዋል። ከነዚሁ አንዱ፥ አር 404 ኤ የሚባለው፥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 4 ሺህ እጥፍ ያህል ያሞቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአምቦን ውኃ የሚያፈላው ጋዝ ሲሆን እሳት አይዘውም፤ በዝግ ቤት ቢያፈስ ግን ሰውን አፍኖ ይገድላል። ለሥራውም እንግዳ አይደለም፤ በጥንቱ ዘመን ሥጋ የሚጭኑ መርከቦች ይገለገሉበት ነበር። ፍሬዮን ሲመጣ ተተወ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ የኖርዌዩ ሊቅ ጉስታቭ ሎሬንትሰን እንደ ገና አነሣው።

ይሁን እንጂ ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ካለፈ ምንም ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ አይሆንም። በብርድ አገር ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ በይፋት ቆላ ግን በበጋ ቀትር የውጭው አየር ራሱ ከዚህ ልክ ያልፋል። ያን ጊዜ መኪናው ከ90 ባር በሚበልጥ ግፊት ይደክማል፥ ኤሌክትሪክ ይበላል፥ የሚሰጠው ብርድም ያንሳል። በርካሽ የገዛ ሰው የመብራት ሒሳቡ ሲመጣ ይጸጸታል።

መድኃኒቱ ግን ከዚያው ከቆላው ይገኛል። በሸክላ እንስራ ያለ ውኃ የሚቀዘቅዘው ጥቂቱ በገላው ወጥቶ ስለሚተን ነው። የጋለውም አየር የመኪናውን ቱቦ ከመንካቱ በፊት በራሰ ንጣፍ ውስጥ ቢያልፍ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ አየሩም ይበልጥ የሚደርቀው በዚያው በሙቀቱ ወራት መሆኑ መልካም ዕድል ነው። ውኃው ጨው የበዛበት ከሆነ ንጣፉን ቶሎ ቶሎ ማጠብና መለወጥ ግድ ነው። ኤጀክተር የሚባለው ዕቃ ደግሞ ግፊቱ ሲለቀቅ በከንቱ የሚጠፋውን ኀይል ይዞ መጭመቂያውን ያግዛል።

ገንዘብ የማያስወጣው ዘዴ ግን ብርዱን በልክ ማድረግ ነው። ማንጎና ገና ያልበሰለ ቲማቲም ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ በታች ቢቀዘቅዙ ይጎዳሉ እንጂ አይጠቀሙም። ቤቱ ከሚገባው በላይ የቀዘቀዘበት እያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ኤሌክትሪክ በከንቱ ያስበላል። ሽንኩርትማ በሚገባ ከደረቀ ነፋስ የሚያገኝ ጎተራ ለጥቂት ወራት ይበቃዋል። ፍሬው በማለዳ ቢለቀምና በጥላ ቢቆይም የመኪናው ሸክም ይቀላል።

እንግዲህ ውል የሚያዋውሉ ሹማምንት ሻጩ መኪናው በ35 ዲግሪ ሙቀት ስንት ኪሎዋት እንደሚበላ ጽፎ እንዲፈርም ማድረግ ይገባቸዋል። በ20 ዲግሪ ተመዝኖ የመጣ ወረቀት ለደብረ ብርሃን ይሆን ይሆናል፤ ለሸዋ ሮቢት አይሆንም። በቀን የሚፈጀውም ውኃ በዚያው ውል ይጻፍ።