በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ ማየትና ስለ መስማት ግሦች

ቋንቋ ሁሉ የራሱ ጠባይ ስላለው፣ ቃልን በቃል ብቻ መዝኖ መተርጐም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ይህም ይልቁን ማየትንና መስማትን በሚያመለክቱ ግሦች ይገለጣል።

አስቀድሞ የገዛ ቋንቋን መመርመር ይገባል። አማርኛ «መከራ አየ»፣ «ምክር ሰማ» ይላል። መከራ በዓይን ብሌን የሚታይ አይደለም፤ ምክር ሰማ ማለትም ተቀብሎ ፈጸመ ማለት ነው። «ብርድ ተሰማኝ» ሲባልም ብርድ ድምፅ ኖሮት አይደለም። በአቃቂ አካባቢ የሚነገረው ኦሮምኛም ለዚሁ ነገር የመስማትን ግሥ ይወስዳል፤ እንግሊዝኛ ግን «ፊል» ብሎ የመዳሰስን ግሥ ያመጣል። ደግሞ በአማርኛ ሐኪም በሽተኛውን ያየዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሲ ኤ ዶክተር» ተብሎ የሚያየው በሽተኛው ነው።

የግዕዝ ተማሪ አገባብ የግሥን ምስጢር እንዲለውጥ ያውቃል። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ሉክ» ተመለከተ ማለት ሲሆን፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መጠበቅና መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» መመርመር፣ «ሉክ አፕ» ቃልን ከመዝገበ ቃላት መፈለግ ይሆናል። «ሲ ኦፍ» መንገደኛን መሸኘት ነው። «ሂር ኦፍ» ስለ አንድ ሰው ወይም ነገር መኖር መስማት ሲሆን፣ «ሂር ፍሮም» ግን ከሰውየው ደብዳቤ ወይም መልእክት ማግኘት ነው።

ይህን አለማወቅ ጉዳት አለው። አቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ የበዛበት ሥፍራ ነው። በሥራ ላይ «ሉክ አውት» ብሎ የሚጮህ ሰው «ተጠንቀቅ» ማለቱ ነው፤ ቃል በቃል የተማረ ልጅ ግን «ወደ ውጭ ተመልከት» መስሎት ፊቱን ሲያዞር አደጋ ያገኘዋል። «ዎች ዩር ስቴፕ» የሚለውን ጽሕፈት ቢያይ፣ «ዎች» የእጅ ሰዓት ብቻ ስለሚመስለው፣ ስለ እግሩ መጠንቀቁን ትቶ ያልፋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። በታች ክፍል የገባ የተሳሳተ ትርጓሜ እንግዲህ በላይ ክፍል ለሒሳቡም ለሳይንሱም መሰናክል ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩ ግሡን ለብቻው ሳይሆን ከአገባቡ ጋራ እንደ አንድ ቃል አድርጎ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስጠና። ትርጓሜውንም «ይህ ሲባል በእኛ አገር ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ። የአነጋገርን ወግ የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ትክክለኛውን አማርኛ በመንገር ይርዱት። ልጁ ቢሳሳት ቁጣ አይገባውም፤ ቃሉን አውቆታልና፤ የቀረው አገባቡን ማሳየት ነው።