ስልክ ውስጥ ያለው ተራ አስከባሪ

ሐርጌሳ ከተማ መካከል ዋሄን የሚባል ሰፊ ገበያ ይገኛል። እዚያ ሻይ የጠጣም ሆነ ጨርቅ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው በስልኩ ነው፤ ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ «ዛድ» የተሰኘውን የገንዘብ ማስተላለፊያ የጀመረው በ2009 ነበርና። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት ዋሄን በእሳት ሲጋይ ሱቆችና ሸቀጦች ወደሙ፤ በዛድ የተመዘገበ ሒሳብ ግን የሚቀመጠው በኩባንያው መዝገብ ስለሆነ ከሱቅ ጋር አይነድም።

እንግዲህ ለዋሄን ነጋዴ ስልኩ የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ገንዘቡ ባይጠፋም ሣጥኑ አይከፈትም። በሐርጌሳ ኤሌክትሪክ ለረጅም ዘመን የቀረበው በግል ኩባንያዎች የናፍጣ ጄኔሬተር በመሆኑ ዋጋው በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነበር፤ የፀሐይ ኃይል መጨመር የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በአገራችንም ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ የእኛም ሆኗል። ታዲያ ባትሪ የሚቆጠበው እንዴት ነው? መልሱ ከፊሉ በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ ስላለ ለመምህራን ማቅረቡን ወደድን።

በስልክ ውስጥ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ አገልግሎት ይጠይቃሉ። የትኛው ሥራ፣ መቼ፣ በየትኛው የማስሊያ ክፍል (ኮር) ይሠራ የሚለውን የሚወስነው ስኬጁለር የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል ነው። በታክሲ መቆሚያ ተሳፋሪውን እንደሚያሰልፈው ሰው ሁሉ እኛም «ተራ አስከባሪ» ብንለው ያስኬዳል። የድሮው ተራ አስከባሪ የሚጨነቀው ለፍጥነትና ለፍትሐዊነት ብቻ ነበር። የዛሬው ግን «ይህ ውሳኔ ስንት ጁል ይፈጃል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

በመሠረቱ ኮር በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ዋት ከፍሪኩዌንሲው ጋር፣ እንዲሁም ከቮልቴጁ ካሬ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ቮልቴጁንም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ምሳሌ እንውሰድ፦ አንድ ሥራ በሙሉ ፍጥነት 2 ዋት እየፈጀ በ1 ሰከንድ ያልቃል እንበል፤ ኢነርጂው 2 ጁል ነው። ፍሪኩዌንሲውን በግማሽ፣ ቮልቴጁን ወደ 0.8 እጅ ብናወርደው ፍጆታው 2 × 0.5 × 0.64 = 0.64 ዋት ይሆናል። ሥራው 2 ሰከንድ ስለሚወስድ ኢነርጂው 1.28 ጁል ነው። 36 በመቶ ተቆጠበ ማለት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ዝግ ማለት ይሻላልን? አይደለም። መሣሪያው ነቅቶ እስካለ ድረስ ምንም ባይሠራ እንኳ የሚፈጀው ቋሚ ዋት አለ። ይህ 0.2 ዋት ከሆነ ፈጣኑ 2.2፣ ዝግተኛው 1.68 ጁል ይፈጃሉ፤ ዝግታ ያተርፋል። ቋሚው 1 ዋት ከሆነ ግን ፈጣኑ 3፣ ዝግተኛው 3.28 ጁል ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ሥራን ቶሎ ጨርሶ በጥልቅ መተኛት ይሻላል። ስለሆነም ተራ አስከባሪው በግምት ሳይሆን በስሌት መወሰን ይኖርበታል።

እንቅልፉም እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል። ለአንድሮይድ ስልኮች መሠረት የሆነው ሊኑክስ ቀድሞ ሥራ ባይኖርም እንኳ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ፣ አንዳንዴም 1000 ጊዜ እየነቃ ሰዓት ይቆጥር ነበር። ሥራ ፈት ሲሆን ይህን እንዲተው ማድረግ የተጀመረው በ2007 ነው።

ሌላው ዘዴ ሥራን እንደ ክብደቱ ማደል ነው። አርም የተባለው ኩባንያ በ2011 ጉልበተኛና ቆጣቢ ኮሮችን አንድ ላይ የማዋሉን አሠራር አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ መቅጠር ብቻውን አይበቃም፤ አሠሪው ልዩነታቸውን ማወቅ አለበት። በ2019 የወጣው ሊኑክስ 5.0 ይህን አሟላ። ተራ አስከባሪው የየኮሩን ፍጆታ የያዘ ሠንጠረዥ ተሰጠው። አንድ ሥራ በነቃ ቁጥር ሥራው በየኮሩ ቢመደብ የሚያስወጣውን ኢነርጂ አስልቶ አነስተኛውን ይመርጣል። ሥራ በዝቶ ኮሮቹ ሲጨናነቁ ግን ስሌቱን ትቶ ሸክሙን ለሁሉም ያከፋፍላል፤ በዚያ ሰዓት ቁጠባ ማለት ደንበኛን ማስጠበቅ ይሆናልና።

ይህ ሁሉ የማያ ገጽንና የኔትወርክን ፍጆታ አያስቀርም። ቢሆንም ሽያጩ እስኪያበቃ ስልኩ እንዲቆይ የበኩሉን ያግዛል።

መምህራን ከላይ ያለውን ስሌት በክፍል ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። ተማሪዎች ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑበትን ቋሚ ዋት ይፈልጉ። መልሱ 0.72 ዋት ነው፤ ከዚያ በታች ዝግታ፣ ከዚያ በላይ ፍጥነት ይቆጥባል።