አንድ ሌንስ ለሁሉም ይበቃል? ከባቱ ሐይቅ እስከ አያቴ ጀበና

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን እንደጨረስኩ፣ ከጓደኛዬ ካሜራ ተውሼ ከአዳማ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወረድኩ። ካሜራው ላይ የተገጠመው «ሁሉን በአንድ» የሚባለው ዓይነት ሌንስ ነበር፤ ከ18 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ዙም። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ ሲያጸዱ፣ ፔሊካኖች 2 ሜትር ራቅ ብለው ሲጠብቁ፣ አባ ኮዳዎች የሚጣለውን ሲሻሙ አነሳሁ። አንዱ ፔሊካን ድንገት ተነስቶ ውሃው ላይ ሲበር ደግሞ የሌንሱን ቀለበት አዞርኩና እሱንም ያዝኩት። በጣም ደስ አለኝ። «ከዚህ ሌላ ሌንስ ለምን ያስፈልጋል?» አልኩ።

ማታ አዳማ ተመልሼ አያቴ ቤት ገባሁ። ቡና እያፈሉ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ጀበናውን አንስተው ሲቀዱ ደጋግሜ አነሳኋቸው። በማግስቱ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሁሉም ደብዛዛ ነው። እጃቸው ጭስ መስሏል፣ ፊታቸው አይለይም። በዓመቱ አያቴ አረፉ። ዛሬ የባቱ ወፎች ላባቸው ሳይቀር ይታየኛል፤ የአያቴ ፊት ግን የለኝም።

ካሜራው ያው፣ ሌንሱ ያው፣ ቀኑም ያው። ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ሚሊሜትሩ ምን ይላል?

ሌንስ ላይ የተጻፈው ሚሊሜትር «የትኩረት ርቀት» ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሲበዛ ጠባብ ቦታ አቅርቦ ያሳያል። ጀማሪዎች በብዛት በሚይዙት ካሜራ ላይ 18 ሚሊሜትር 76 ዲግሪ ያህል ስፋት ይይዛል። 200 ሚሊሜትር ግን 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ሳሎን ያስገባል፤ ሁለተኛው ሐይቁ መሐል ያለችን ወፍ ፍሬሙን እንድትሞላ ያደርጋል።

ሁሉን በአንድ ሌንስ ይህን ሁሉ ርቀት በአንድ ቱቦ ይሸፍናል። በ1992 ታምሮን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ28 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄድ ሌንስ ለገበያ አቅርቦ ይህን ዓይነት ሌንስ ተወዳጅ አደረገው። በ2017 ያው ኩባንያ ከ18 እስከ 400 ደረሰ። ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» ሳይሆን «በምን ዋጋ?» ነው።

የብርሃን በር

የመጀመሪያው ዋጋ ብርሃን ነው። ሌንስ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የቀዳዳውን ስፋት የምንገልጸው «ኤፍ ቁጥር» በሚባል ስሌት ነው፦ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ለቀዳዳው ስፋት። ስለዚህ ኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ በሩ ሰፊ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፤ ሁላችንንም ግር ብሎናል።

ሁሉን በአንድ ሌንስ 200 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ኤፍ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 6.3 አካባቢ ነው። 200ን ለ6.3 ስናካፍል ቀዳዳው 32 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። እንደ ባለሙያዎቹ ሌንስ ኤፍ 2.8 እናድርገው ካልን ግን ቀዳዳው 71 ሚሊሜትር መሆን አለበት። መስታወቱ ይተልቃል፣ ቱቦው ይወፍራል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚሄዱት ባለ 2.8 ሌንሶች ብዙዎቹ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ሁሉን በአንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ቀላል ሌንስ እንዲሆን በሩ ጠበበ፤ በቃ፣ ስምምነቱ ይኸው ነው።

ጠዋትና ማታ በቁጥር

እስቲ እናስላው። ፎቶ አንሺዎች አንድ የቆየ ደንብ አላቸው፦ በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16 ላይ ካሜራው የሚከፈትበት ጊዜ 1 ሲካፈል ለአይኤስኦ ነው። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የምናስተካክልበት ቁጥር ነው። አይኤስኦ 200 ካደረግን 1/200 ሰከንድ ይሆናል። ሌንሱን ወደ ኤፍ 6.3 ስንከፍተው ስድስት ተኩል እጥፍ ብርሃን ስለሚገባ ጊዜው ወደ 1/1300 ሰከንድ ያጥራል። የምትበር ወፍ ክንፍ ቀጥ ብሎ እንዲታይ 1/1000 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የጠበበው በር ምንም አልጎዳኝም።

አሁን ወደ አያቴ ቤት እንግባ። በአንድ አምፖል ብርሃን፣ አይኤስኦ 1600 ላይ፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ኤፍ 5 ገደማ ነው። የሚያስፈልገው ጊዜ 1/20 ሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ጀበና የሚቀዳ እጅ በሰከንድ 40 ሳንቲሜትር ቢንቀሳቀስ፣ በዚያች 1/20 ሰከንድ 2 ሳንቲሜትር ሄዷል። ጭስ የመሰለኝ እሱ ነው።

ዙም የሌለው፣ 50 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢኖረኝስ? ብርሃኑ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፤ ጊዜው 1/160 ሰከንድ ይሆናል፤ እጃቸው የሚሄደው 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይህ ሌንስ ደግሞ ካሜራ አምራቾች ከሚሸጧቸው ርካሾች አንዱ ነው!

«ሌንሱ መንቀጥቀጥ ይከላከላል ተብሏል እኮ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን የሚከላከለው የእናንተን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የአያቴን እጅ እንቅስቃሴ አይደለም። አይኤስኦውን ስምንት እጥፍ ማሳደግም ይቻላል፤ ያኔ ግን ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ይበዛል።

የነፋስ ተርባይኑ ፈተና

ሁለተኛው ዋጋ ጥራት ነው። የካኖን ርካሽ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ውስጥ 6 የመስታወት ቁራጮች አሉ፤ በ2005 በወጣው የኒኮን 18–200 ውስጥ 16። እያንዳንዱ መስታወት ብርሃንን ሲያጥፍ ትንሽ ስህተት ይፈጥራል፤ ሌላው ያርመዋል። አንድ ርቀት ብቻ ካለ ሁሉንም ለዚያ ማስተካከል ይቻላል። በዙም ውስጥ ግን መስታወቶቹ እየተንቀሳቀሱ 18 ላይም፣ 70 ላይም፣ 200 ላይም ስህተቱን ማረም አለባቸው። ለሰርግም፣ ለእርሻም፣ ለኳስም አንድ ጫማ እንደማድረግ ነው፤ ትሄዱበታላችሁ፣ ግን የትኛውም ቦታ ላይ ምርጥ አይሆንም።

ይህን ራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አዳማ አካባቢ ኮረብታው ላይ የቆሙት የአዳማ 1 እና 2 ተርባይኖች 136 ናቸው፤ ግንዳቸው ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ግንድ በፎቶው ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ በ18 ሚሊሜትር አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ በ100 ስታነሱት ወደ ውስጥ ሊጎብጥ ይችላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የግራር ቅርንጫፍ ከሰማዩ ጋር አንሱና አጉሉት፤ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ክር ልታዩ ትችላላችሁ። የዛሬ ካሜራዎችና ሶፍትዌሮች ከዚህ ብዙውን ያርማሉ። ብርሃን ያልገባበትን ፎቶ ግን ማንም አያርመውም።

አቧራም ይቆጠራል

እስካሁን ሌንሱን ወቀስኩት፤ ልካሰው። በበጋ አዳማ ነፋስና አቧራ ነው። ሌንስ በቀየራችሁ ቁጥር የካሜራው ሆድ ይከፈታል፤ ምስል የሚቀበለው ሰንሰር ላይ አቧራ ካረፈ ሰማዩ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይሆናል። ሁሉን በአንድ ሌንስ ግን ሳይፈታ ይውላል። ሲረዝምና ሲያጥር አየር ስለሚስብ ፍጹም መከላከያ አይደለም፤ ቢሆንም መንገድ ዳር ሌንስ ከመቀየር ይሻላል።

ጊዜም አለ። ባቱ ላይ ፔሊካኑ ሲነሳ ሌንስ ልቀይር ብል ኖሮ የማነሳው ባዶ ውሃ ነበር። አብጃታ ሐይቅ ደግሞ ውሃው እየሸሸ ዳርቻው ስለሰፋ ፍላሚንጎዎቹን ቀርቦ ማንሳት ከባድ ነው፤ 50 ሚሊሜትር እዚያ ምንም አይሠራም። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ በጠዋት ሂዱ። ቀትር ላይ ከመሬቱ የሚነሳው ትኩስ አየር ምስሉን ስለሚያርገበግበው፣ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድናችሁም።

ታዲያ የቱን እንያዝ?

«የቱ ሌንስ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እንዳታመልጠኝ የምፈልጋት ፎቶ የምትገኘው የት ነው፦ ፀሐይ ላይ ወይስ አምፖል ሥር?» በሉ። መልሱ ፀሐይ፣ ጉዞ፣ ወፍ ከሆነ ሁሉን በአንዱ ይበቃችኋል። መልሱ ቤት፣ ማታ፣ የሰው ፊት ከሆነ ሰፊ በር ያለው አንድ ርካሽ ሌንስ ይሻላችኋል። ሁለቱም ከሆነ፣ አባቶች «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዳሉት ነው። ስልክ አምራቾችም የመረጡት ይህንኑ ነው፤ ከስልካችሁ ጀርባ ሁለት ሦስት ሌንስ የተደረደረው አንዱ ሁሉን ስለማይችል ነው።

ገንዘብ የለም? በእጃችሁ ያለውን ሌንስ ወደ 18 መልሱና ቅረቡ፤ እዚያ ኤፍ 3.5 ስለሚሆን ብርሃኑ ከኤፍ 5 እጥፍ ነው። እጅ ለአፍታ ቀጥ የሚልበትን ጊዜ ጠብቁ። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየውን ወደ ብርሃን አምጡት።

እኔ ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ፣ ገና ሳይመሽ ደርሼ «እማማ፣ ዛሬ ቡናውን በር ላይ ብናፈላውስ?» እላቸው ነበር። ያው ሌንስ ይበቃኝ ነበር።